ያልተሰጠው ቁጥር፤ የፕሮፌሰር ራልፍ ፔክ የሙያ ሕይወትና ጽሑፎች ከማስተማር አንጻር ሲመዘኑ

በቴክኒክና በምሕንድስና ትምህርት የሚቀርቡ የፈተና ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ «ተሰጥቷል» በሚል ቃል ይጀምራሉ። የአፈሩ ክብደት ተሰጥቷል፤ የሰበቃው ማዕዘን ተሰጥቷል፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍታ ተሰጥቷል። ከተማሪው የሚጠበቀው እነዚህን ቁጥሮች ከተገቢው ቀመር ውስጥ አስገብቶ መልሱን ማውጣት ነው። ትምህርቱን ጨርሶ በሥራ ላይ ሲሰማራ ግን የሚቆምበት መሬት ምንም ቁጥር አይሰጠውም። ቁጥሩን ራሱ ቆፍሮና ለክቶ ማግኘት፣ ያገኘውንም ቁጥር ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ ራሱ መወሰን አለበት። በመማሪያ ክፍልና በሥራ ቦታ መካከል ያለው ይህ ክፍተት በሁሉም ሙያ ያለ ቢሆንም፣ በመሬትና በመሠረት ሥራ ላይ ግን ስሕተቱ በግድግዳ መሰንጠቅ፣ በመንገድ መደርመስ፣ አንዳንዴም በሰው ሕይወት ስለሚከፈል በተለይ ሊጤን የሚገባው ነው።

ይህን ችግር በተግባርም በጽሑፍም አጥብቀው ከመረመሩት መሐንዲሶች አንዱ ፕሮፌሰር ራልፍ ፔክ ናቸው። የዚህ ሐተታ ዓላማ የኚህን ሰው ዝና መዘርዘር አይደለም። ስለ ሙያቸው የነበራቸው አመለካከት ለመምህርና ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ምን ይጠቅማል? የትስ ላይ ይጎድላል? የሚለውን ለመመርመር ነው። ለዚሁ ሲባል ሦስት ሥራዎቻቸው ተመርጠዋል። አንደኛው በ1948 ከካርል ቴርዛጊ ጋር ሆነው ያወጡት «የአፈር ሜካኒክስ በምሕንድስና ተግባር» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው በ1969 በእንግሊዝ አገር በራንኪን ስም በሚጠራው ዓመታዊ ንግግር ላይ ያቀረቡት ጥናት ነው። ሦስተኛው በ1980 ኦስሎ ላይ ለላውሪትስ ብየሩም መታሰቢያ ያደረጉት፣ «ማመዛዘን ሁሉ የት ገባ?» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው ንግግር ነው። የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

የሙያው መንገድ

ፔክ በ1912 በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያ ሙያቸው አፈር አልነበረም። በአሜሪካ በሬንስለር ፖሊቴክኒክ ተቋም የሲቪል ምሕንድስና ተምረው በ1937 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን የተቀበሉት በተንጠልጣይ ድልድዮች ላይ ባደረጉት ጥናት ነው። ከዚያም በአንድ የድልድይ ኩባንያ ተቀጥረው ጥቂት ጊዜ እንደ ሠሩ ሥራው በመቀዝቀዙ ለቀቁ። በ1938 ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሄዱት ያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን የአፈር ሜካኒክስ ለመማር ነበር። በዚያም ለዚህ ዕውቀት መሠረት ከጣለው ከቴርዛጊ ጋር ተዋወቁ። በ1939 ቴርዛጊ የቺካጎ ከተማ የመሬት ውስጥ ባቡር አማካሪ ሆኖ ሳለ፣ ዕድሜያቸው ገና 30 ያልሞላውን ፔክን በሥራው ቦታ ተቀምጠው የመሬቱን ጠባይ እንዲከታተሉ አደረጋቸው።

ከ1942 እስከ 1974 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በማስተማሩ ጎን ለጎንና ጡረታ ከወጡም በኋላ ከ1,000 በሚበልጡ ሥራዎች ላይ በአማካሪነት ተሰማርተዋል። ከእነዚህም ውስጥ የዋሽንግተን ከተማ የመሬት ውስጥ ባቡር፣ የአላስካ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧና በኩቤክ የጄምስ ቤይ ግድቦች ይገኙበታል። በ2008 በ95 ዓመታቸው አርፈዋል።

ከዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ለትምህርት ሰው ቁም ነገር የሚሆነው የሥራዎቹ ብዛት አይደለም። በብረትና በድልድይ ስሌት የሠለጠነ፣ ማለትም የዕቃውን ጠባይ ከፋብሪካ ተጽፎለት ለመቀበል የለመደ መሐንዲስ፣ ጠባዩ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ በሚለዋወጥ መሬት ላይ ሲቆም ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበት በራሱ ላይ ያየ መሆኑ ነው።

የቺካጎው ልኬት

ቺካጎ የተቆረቆረችው ለስላሳ በሆነ ሸክላማ አፈር ላይ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈር ጎንና ጎኑ እንዳይደረመስ ግድግዳዎቹን የሚደግፉ አግዳሚ ምሰሶዎች በመካከላቸው ይወጠራሉ። በእያንዳንዱ ድጋፍ ላይ ምን ያህል ጭነት ያርፋል? ከ18ኛውና ከ19ኛው መቶ ዘመን የተወረሰው የኩሎምና የራንኪን ትምህርት ለዚህ ጥያቄ የታወቀ መልስ ነበረው። የአፈር ግፊት ከላይ ባዶ ሆኖ ይጀምርና ወደ ታች በጠለቀ ቁጥር እያደገ ይሄዳል፤ ሥዕሉም ሦስት ማዕዘን ይሆናል። በዚህ መሠረት የላይኞቹ ድጋፎች ቀላል ጭነት፣ የታችኞቹ ከባድ ጭነት ሊሸከሙ ይገባል።

ፔክና ባልደረቦቻቸው በድጋፎቹ ላይ የሚያርፈውን ጭነት በመሣሪያ ሲለኩ ያገኙት ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ላይኞቹ ድጋፎች ከተጠበቀው በላይ ተጭነው፣ ግፊቱም ከላይ እስከ ታች በተቀራራቢ መጠን ተዘርግቶ ታየ። ምክንያቱ የቀድሞዎቹ ሊቃውንት ስሌት መሳሳቱ አልነበረም። እነርሱ ያሰቡት ግድግዳ ከእግሩ ላይ ሆኖ በራሱ በኩል ወደ ውጭ ዘመም የሚል ግድግዳ ነው። በሚቆፈረው ጉድጓድ ግን የግድግዳው ራስ አስቀድሞ በመጀመሪያው ድጋፍ ይያዛል። ወደ ታች በተቆፈረ ቁጥር ደግሞ የታችኛው ክፍል ድጋፍ ከመድረሱ በፊት ወደ ውስጥ ይገፋል። የግድግዳው አነቃነቅ ስለተለወጠ የግፊቱም አከፋፈል ተለወጠ። ከዚህም በላይ በአንድ ዓይነት ጥልቀት ላይ ያሉ ድጋፎች እንኳን፣ አንዱ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ በመወጠሩ ብቻ የተለያየ ጭነት ተሸክመው ተገኙ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ድጋፍ የሚታሰበው ጭነት የልኬቱ አማካይ ሳይሆን ከታዩት ሁሉ ከፍተኛውን የሚያቅፍ እንዲሆን ተወሰነ። በ1943 የታተመው ይህ ጥናት በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የኖርማን ሜዳልያ አሸልሟቸዋል።

በመማሪያ ክፍል ውስጥ ይህ ታሪክ ከውጤቱ ይልቅ በአካሄዱ ይጠቅማል። ቀመሩ ትክክል ነበር፤ የተሠራበት ሁኔታ ግን ቀመሩ ሲወጣ የታሰበው ሁኔታ አልነበረም። ተማሪ ቀመርን ከነቅድመ ሁኔታው ካልተማረ በስተቀር ይህን ዓይነቱን ስሕተት ሊያየው አይችልም። ስሌቱ ሁሉ ትክክል ሆኖ ይወጣለታልና።

የመጽሐፉ ሚዛን

የ1948ቱ መጽሐፍ በሦስት ክፍል የተደራጀ ነው። በመጀመሪያው ስለ አፈር ጠባያት፣ በሁለተኛው ስለ ቲዎሪው፣ በሦስተኛው ስለ ንድፍና ግንባታ ችግሮች ያትታል። ሦስተኛው ክፍል ሰፊውን ቦታ መያዙ የደራሲዎቹን አቋም ያሳያል። ቲዎሪው የመሐንዲሱ አገልጋይ እንጂ ጌታ አይደለም። መጽሐፉ አስተያየቱን ከተሠሩ ሥራዎች እያወጣ ስለሚያቀርብ፣ ስንኩል ስሌትን ከማብዛት ይልቅ አንባቢው ከመሬቱ ጋር እንዲተዋወቅ ይጥራል። በዚህ ረገድ ለማስተማሪያ መጻሕፍት ደራሲዎች አርአያ ሊሆን የሚበቃ ነው።

ሆኖም መጽሐፉ ራሱ ካስጠነቀቀው አደጋ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአሸዋን ጥቅጥቅነት ለመገመት የሚያገለግለው ሠንጠረዥ ነው። 63.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ፣ ናሙና መውሰጃው ቱቦ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ መሬት እስኪገባ ድረስ ያለው ምት ይቆጠራል። ምቱ ከ4 ካነሰ አሸዋው እጅግ ልል፣ ከ10 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ50 ካለፈ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ነው ይላል ሠንጠረዡ። ይህ ለባለሙያው ታላቅ እርዳታ ነበር። ነገር ግን የምቱ ቁጥር በአፈሩ ጠባይ ብቻ የሚወሰን አይደለም። መዶሻው የሚለቀቅበት መንገድ፣ የገመዱ አጠቃቀም፣ የጉድጓዱ አቆፋፈርና የሠራተኛው ጥንቃቄ ጭምር ይለውጡታል። ከዓመታት በኋላ መዶሻው በእርግጥ የሚያደርሰው ጉልበት እየተለካ ቁጥሩን ማረም ያስፈለገውም በዚሁ ምክንያት ነው። እስከዚያ ግን ብዙ ሰዎች ሠንጠረዡን ከማብራሪያው ነጥለው እንደ መድኃኒት ማዘዣ ተጠቅመውበታል።

ጥፋቱን ሁሉ በደራሲዎቹ ላይ መጫን ፍትሐዊ አይሆንም፤ ማስጠንቀቂያቸውን ጽፈዋልና። ነገር ግን የማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በገጽ ላይ ሠንጠረዥና ማስጠንቀቂያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ተማሪ የሚያስታውሰው ሠንጠረዡን ነው። ማስጠንቀቂያው እንዲታወስ ከተፈለገ ራሱ መልመጃ መሆን ይኖርበታል። መጽሐፉ ይህን አላደረገም።

እየታዘቡ የመሥራት ዘዴ

በ1969ኙ ንግግር ፔክ ከቴርዛጊ የወረሱትን አሠራር በሥርዓት አስቀመጡት። አሠራሩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። መጀመሪያ የመሬቱ አጠቃላይ ጠባይ በምርመራ ይታወቃል። ከዚያም ሊሆን የሚችለው ሁኔታና ከእርሱ እጅግ የከፋው ሊታሰብ የሚችል ሁኔታ ሁለቱም ይገመታሉ። ንድፉ ሊሆን በሚችለው ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ይሠራል። ሥራው ሲካሄድ ምን ነገር እንደሚለካ ይመረጣል፤ የሚለካው ነገር ስንት ሊሆን እንደሚገባና በከፋው ሁኔታ ስንት ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ይሰላል። ከዚህም ጋር ልኬቱ ከግምቱ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰናል። በመጨረሻም ይለካል፤ እንደ ውጤቱም ንድፉ ይሻሻላል።

ከሰጧቸው ምሳሌዎች አንዱ በዚያው በቺካጎ የተቆፈረ የአንድ ትልቅ ሕንጻ መሠረት ነው። ድጋፎቹ በሙሉ ከፍተኛውን ሊሆን የሚችል ጭነት እንዲሸከሙ ከማድረግ ይልቅ መጠነኛ ሆነው ተሠሩ፤ ነገር ግን ጭነታቸው ሳይቋረጥ ይለካ ነበር፤ ተጨማሪ ድጋፎችም በአጠገብ ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ያስፈለጉት ተጨማሪዎች ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። ወጪውም ቀነሰ፤ ደኅንነቱም ተጠበቀ።

ፔክ የዘዴውን ወሰን አለመደበቃቸው ሊመሰገኑበት ይገባል። በሥራው መካከል ንድፉን መለወጥ የማይቻል ከሆነ ዘዴው እንደማያገለግል በግልጽ ተናግረዋል። ከዚህም ሌላ ቀስ እያለ ሳይሆን በድንገት በሚሰበር መሬት ላይ ልኬቱ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ጥፋቱ ሊቀድም ይችላል። ሊታከል የሚገባው ግን ሌላ ወሰን አለ፤ እርሱም የመሬቱ ሳይሆን የሰዎቹ ነው። በጥቅምት 1994 ለንደን ውስጥ በሂትሮው አየር ማረፊያ ሥር ይቆፈሩ የነበሩ የባቡር ዋሻዎች ተደረመሱ። በ2000 የወጣው የመንግሥት የምርመራ ዘገባ እንዳሳየው መሣሪያዎቹ የመሬቱን መንቀሳቀስ መዝግበው ነበር። የጎደለው የተመዘገበውን አንብቦ ሥራውን በጊዜው የሚያስቆም ነበር። ልኬት ያለ ውሳኔ መዝገብ ብቻ ነው። ፔክ «ምን እንደሚደረግ አስቀድሞ ይወሰን» ያሉት ነጥብ በዘዴው ውስጥ ከሁሉ የከበደው መሆኑ በዚህ ይታወቃል። 

ማመዛዘን እንዴት ይማራል?

በ1980ው ንግግራቸው ፔክ የስሌት መሣሪያዎች በተስፋፉ ቁጥር የማመዛዘን ችሎታ ወደ ጎን እየተገፋ መሄዱን አመለከቱ። አንድ ነገር በቁጥር ስለተገለጸ ብቻ እውነት ይመስላል፤ በቁጥር ሊገለጽ ያልቻለው ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። በዚያ ዘመን በጻፏቸውም ሌሎች ጽሑፎች የግድቦች መፍረስ አብዛኛውን ጊዜ ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከመዘንጋትና ተነጋግሮ ካለመሥራት እንደሚመጣ አስረድተዋል። ኮምፒዩተር በየቢሮው በገባበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ማሳሰቢያ ክብደቱ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም።

ጥያቄው መድኃኒቱ ላይ ነው። ማመዛዘን ከረጅም ልምድ የሚገኝ ነው ማለት ለባለ ልምዱ ክብር ነው፤ ለመምህር ግን ብዙ አይረዳውም። ፔክ ከ1,000 በላይ ሥራዎችን አይተዋል። ከኮሌጅ ወጥቶ በአንድ ወረዳ ብቻውን የሚመደብ ወጣት ባለሙያ ይህን ያህል ሥራ እስኪያይ ድረስ የሚሠራቸው ሕንጻዎች አይጠብቁትም። በጽሑፎቻቸው ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ቀጭን ነው። የሚደንቀው ግን በመማሪያ ክፍላቸው ውስጥ የተሻለ መልስ የነበራቸው መሆኑ ነው። በኢሊኖይ በተሠሩ ሥራዎች ታሪክ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ይሰጡ ነበር። ተማሪዎቹ የተወሳሰበውን ጉዳይ መርምረው ፍሬ ነገሩን በአንዲት ገጽ ጨምቀው እንዲጽፉ ይጠይቁ ነበር። በአንዲት ገጽ ሊጻፍ ያልቻለ ጉዳይ ገና ያልገባ ጉዳይ ነው የሚል እምነት ነበራቸውና። አንዲቱ ገጽ አስፈላጊውን ካላስፈላጊው ለመለየት ታስገድዳለች፤ መለየትም የማመዛዘን መጀመሪያ ነው።

ለዚህም አንድ ነገር ሊጨመርበት ይገባል። ታሪኩ መጨረሻው ከታወቀ በኋላ ሲነገር መሐንዲሱን ያስጨነቀው ጥርጣሬ ይጠፋል። ተማሪውም «ይህማ ግልጽ ነበር» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ታሪኩ በየደረጃው እየተቆረሰ መቅረብ፣ ተማሪውም የሚቀጥለው ልኬት ከመነበቡ በፊት የሚጠብቀውን ቁጥርና ቁጥሩ ባይመጣ የሚያደርገውን በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል። ይህ ከፔክ ዘዴ ውስጥ ልምድ የማይጠይቅ፣ በጀማሪም እጅ ሊሠራ የሚችል ክፍል ነው።

በኢትዮጵያ ትምህርት ላይ ሲታይ

የፔክ ምሳሌዎች በአብዛኛው የተወሰዱት ከሰሜን አሜሪካ ነው። በቺካጎ የሚታየው ለስላሳ ሸክላ ለኢትዮጵያ ተማሪ ሩቅ ነው። ለእርሱ ቅርብ የሆነው በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ጥቁር መረሬ አፈር ነው። በእንዲህ ያለው አፈር ላይ ከባዱ ሕንጻ ሳይሆን ቀላሉ ቤት፣ አጥርና መንገድ ቀድሞ ይጎዳል፤ እብጠቱ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ በመሆኑ ቀላሉን ነገር ያነሳዋልና። ስለዚህ የውጭውን መጽሐፍ ምሳሌ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ አካሄዱን ወስዶ በአገሩ አፈር ላይ መሥራት ይበልጣል።

ለዚህም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 10 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደርቆ የተነፋ የአፈር ዱቄት በ100 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብርጭቆ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ ቀስ ተብሎ ይጨመርና እስኪረጋ 24 ሰዓት ያህል ይቀመጣል። የአፈሩ ይዘት በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ካደገ አፈሩ ሕንጻን ሊጎዳ የሚችል መሆኑ ይታወቃል። በተሰነጠቀ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የስንጥቁ ጫፍ በእርሳስ ተሰምሮ ቀኑ ከተጻፈበትና በየሳምንቱ ከተለካ፣ ዝናብ ከመግባቱ በፊትና ከገባ በኋላ ያለው ለውጥ ይታያል። ዋናው ነገር ግን ልኬቱ ከመጀመሩ በፊት ተማሪው የሚጠብቀውን ከነምክንያቱ እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

መምህራን በዚህ ላይ የሚያነሱት ቅሬታ ቀላል አይደለም። ክፍሎቹ ተማሪ የበዛባቸው ናቸው፤ ፈተናውም አንድ ትክክለኛ መልስ ይፈልጋል። ግምቱ ያልተሳካለት ተማሪ በምን ይታረማል? መልሱ ነጥቡን ከግምቱ መሳካት ወደ ምክንያቱ ማዛወር ነው። ተማሪው ግምቱን በምን ላይ እንደመሠረተ፣ ልኬቱ ሲለይበት ደግሞ የትኛውን ሐሳቡን እንደለወጠ ከገለጸ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይገባል። በተለመደውም ፈተና ቢሆን ከአምስት ጥያቄዎች አንዱ ከሚያስፈልገው በላይ ወይም በታች ቁጥር የተሰጠበት ቢሆን፣ ተማሪው የጎደለውን ቁጥር ከየት ሊያመጣው እንደሚችል ለመጠየቅ ይገደዳል።

ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእነርሱም መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲሯሯጡ በተከታዩ ናዳ የተዋጡ ይገኙባቸዋል። ውሃ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ሲጫን ቅንጣቶቹን አያይዞ የሚያቆመው ሰበቃ ይቀንሳል፤ አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋትም ከበላዩ ያለውን መሬት ድጋፍ ያሳጣዋል። ይህን ያህሉን ዕውቀት፣ እንዲሁም በተዳፋት ላይ የሚታይ አዲስ ስንጥቅ፣ የተጋደመ ዛፍና የደፈረሰ ምንጭ ምን ሊሉ እንደሚችሉ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ይቻላል። ከምልክቱ ጋር ግን «ይህ ከታየ ወዴት እንሄዳለን?» የሚለው ውሳኔ አስቀድሞ ካልተሰጠ፣ ምልክቱን ማወቅ ብቻውን እንደ ሂትሮው መዝገብ ሆኖ ይቀራል።

ማጠቃለያ

የፕሮፌሰር ፔክ ጽሑፎች ጥንካሬ ቁጥርን ሳይንቁ ከቁጥር በስተጀርባ ያለውን መሬት ማሳየታቸው ነው። ድካማቸው ማመዛዘንን በአብዛኛው ለልምድ ትተው፣ በክፍላቸው ያደርጉት የነበረውን ለሌላ መምህር እንዲተላለፍ አድርገው አለመጻፋቸው ነው። ይህን የጎደለ ክፍል መሙላት የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችና የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሥራ ነው። መነሻው ከባድ አይደለም። በያንዳንዱ የተግባር ትምህርት ውስጥ ሦስት ጥያቄዎች ቋሚ ቦታ ይሰጣቸው፦ ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ምን ይሆናል ብለህ ትጠብቃለህ? ባይሆንስ ምን ታደርጋለህ? በእነዚህ ጥያቄዎች ተፈትኖ ያለፈ ተማሪ ቁጥር ባልተሰጠበት መሬት ላይ በቆመ ጊዜ ከምን እንደሚጀምር ያውቃል።